ከስዕሉ በታች ያለው ባዶ ቦታ

አንድን ነገር አሳምራችሁ አስረድታችሁ፣ ሰሚዎቻችሁም በደንብ ገብቷቸው፣ ስለገባቸው ያፈራችሁበት ቀን አለ? እኔ መምህር ነኝ። መምህር የሚያፍረው ተማሪው ሳይገባው ሲቀር ነው ብዬ አምን ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ገባቸው። ፈተና ሲያልፍ የሚረሳ ዓይነት መግባት አልነበረም። በዚያው ቀን ሥራ ላይ አዋሉት።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምር።

የማስተምረው ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ የውሃ ግንባታ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ጠዋት ሹራብ ደርቤ በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቡን አወልቃለሁ፤ ማታ ስመለስ ዶሮ መዝለያ ዳገት ላይ መልሼ እለብሳለሁ። በዚያ ሰሞን መምህራን ይያዙ ነበር። ለምን እንደሆነ የተያዙትም የያዙትም በእርግጠኝነት አይናገሩም። እኔን ያወረዱኝ ከዚያው ሚኒባስ ላይ ነው፣ ደሴ መግቢያ ላይ ባለው ፍተሻ። አንዱ መታወቂያዬን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና እኔን አየና "አንተ ቆይ" አለኝ። ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ መኪናው ሄደ። ያላረምኩት የተማሪዎች ፈተና ወንበሩ ላይ ቀረ። የመጀመሪያ ሐሳቤ እሱ ነበር፤ ነገ ተማሪዎቹን ምን እላቸዋለሁ የሚል።

የታሰርንበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ረጅም ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ናት። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታ የሰው ሽታ አልነበረም፤ ግድግዳው ውስጥ የቀረ የማሽላ አቧራ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሰዎች በሁለቱም ግድግዳ በኩል እግር ለእግር ተገጣጥመው ተቀምጠዋል። መሐል ላይ በቀንም የማይጠፋ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ከአምፖሉ ሥር የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ የተቀመጠ ወፍራም ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

"ግባ እንጂ፤ በሩ ላይ አትቁም፤ ብርድ ታስገባብናለህ" አለኝ።

የክፍሉ ካቦ እሱ ነበር። እስረኞች ከመካከላቸው የሚመርጡትን አለቃ ካቦ ይሉታል። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

"ሥራህ?"

"መምህር።"

"የምን?"

"የውሃ ግንባታ።"

"እሰይ፤ ቧንቧ ሠሪ መጣልን።"

"ቧንቧ ሳይሆን ግድብ ነው" አልኩት። እዚያም ቆሜ ማረም አልተውኩም።

"ግድብ" አለ ወደ ጥጉ እያሳየኝ። "እኛ ዘንድ ያለው ባልዲ ነው። ሲሞላ ተራህ ሲደርስ ትደፋለህ።"

ሰዎቹ ሳቁ። ቦታ የሰጡኝ በዕድሜ ከሁላችን የገፉ ሰው አጠገብ ነው። የገራዶ ገበሬ ናቸው። ክፍሉ በሙሉ ሸህዬ ይላቸዋል። እኔም "ሸህዬ፣ እንደምን ዋሉ" ስላቸው የተኙበትን ካርቶን ለሁለት ቀደው ግማሹን ወደ እኔ ገፉልኝ።

"ሸህ አይደለሁም ልጄ" አሉኝ። "ቃሪያ አብቃይ ነኝ። ጢሜን አይተው ነው የሾሙኝ።"

ለመስኖ የሚሆን የውሃ ጎማ ሊገዙ ደሴ መጥተው፣ መታወቂያ ቤታቸው ረስተው ነው የተያዙት። ሚስታቸው ሞተዋል። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው። ገራዶ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት፤ ነገር ግን እዚህ መሆናቸውን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። የስንቅ ቀን ጠባቂው በር ላይ ቆሞ ምግብ የመጣላቸውን ሰዎች ስም ይጠራል። ምግቡን ሁላችንም አንድ ላይ ስለምንበላ ሸህዬ ተርበው አያውቁም። ግን ጥሪው ሲጀመር ሁልጊዜ ወደ በሩ ያያሉ፤ ሲያልቅ ደግሞ የካርቶናቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ።

ክፍሉ አንድ ደንብ ነበረው። ጠዋት ቆጠራ ካለቀ በኋላ በየተራ አንድ ሰው የሚያውቀውን ያስተምራል። ካቦው ቁልቁለት ላይ ፍሬን የተበጠሰበት ሹፌር ምን እንደሚያደርግ አስተምሮ ነበር። "ሁሉንም ማዳን አትችልም" ነበር ያለው። "የምትችለው የምትላተምበትን መምረጥ ነው።" አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ ስኳር በሽታ ያለበት፤ ሊጥ ለምን በብርድ እንደማይነሳ አስተማረ። ሸህዬ የቃሪያ ችግኝ አዛወር አስተማሩ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ከተያዝኩ ጀምሮ ሰሌዳ ፊት ቆሜ አላውቅም፤ እጄ ጠመኔ ናፍቆት ነበር።

ርዕሱን የሰጠኝ ዳቦ ጋጋሪው ነው። "መምህር፣ ግድቡ ሞልቷል ይሉናል፤ መብራቱ ግን ይሄዳል። ለምንድን ነው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ስለዚህ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሲነደፍ ስጋት እንዴት እንደሚያዝ ላስተምር ወሰንኩ። ኮሌጅ ውስጥ በጣም የምወደው ትምህርት ነው። ጠመኔ ስለሌለ የልብስ ሳሙና ተጠቀምኩ። በክፍሉ መሐል፣ ከአምፖሉ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ትልቅ አድርጌ ሣልኩ። ወንዙን፣ ግድቡን፣ ከግድቡ ጀርባ የተኛውን ውሃ፣ ውሃው የሚወርድበትን ቱቦ፣ ተርባይኑ ያለበትን ቤት ሣልኩ። እግሮች ሁሉ ወደ ግድግዳው ተሰበሰቡልኝ።

"ስጋት ማለት ፍርሃት አይደለም" ብዬ ጀመርኩ። "ስጋት ሁለት ጥያቄ ነው። ነገሩ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ከደረሰስ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ሁለቱን ታባዛላችሁ።"

ከዚያ ሊደርስ የሚችለውን አስረዳሁ። ወንዙ ማንም አይቶት በማያውቅ መጠን ሊሞላ ይችላል። ደለል የግድቡን ሆድ ይሞላዋል። ከጎኑ ያለው ተራራ ተንዶ ውሃው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ትርፍ ውሃ የሚያወጣውን የማስተንፈሻ በር የሚያነሳው ሞተር መብራት ሊያጣ ይችላል።

"መብራት የሚያመነጨው ራሱ መብራት ያጣል?" አለ ካቦው።

"ያጣል። ስለዚህ ሌላ ሞተር በተጠባባቂነት ይቀመጥለታል።"

"አይ አገር" አለ ከግድግዳው በኩል አንዱ። ተሳቀ።

በጣቴ እየቆጠርኩ ቀጠልኩ። "ነዳፊው ስጋትን ፈጽሞ ማጥፋት አይችልም። ምርጫው አራት ነው። መሸሽ፤ ማለት ግድቡን ሌላ ቦታ መሥራት። መቀነስ፤ ግድቡን ከፍ፣ ማስተንፈሻውን ሰፋ ማድረግ። መቀበል፤ ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ዝም ማለት። አራተኛው ማስተላለፍ ነው።"

አራተኛውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይነቃሉ። ከዋናው ግድብ ጎን አጭር መስመር ሣልኩ። "እዚህ ላይ ነዳፊው ግድቡን ዝቅ አድርጎ፣ በአሸዋና በልል አፈር ይሠራዋል። ውሃው ከታሰበው በላይ ሲሞላ መጀመሪያ ይህ ክፍል ተጠርጎ ይሄዳል።"

"ሆን ብሎ እንዲፈርስ?" አለ ካቦው ከሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ።

"ሆን ብሎ። ውሃው በዚያ በኩል ይወጣል፤ ዋናው ግድብ ይተርፋል። ተርባይኑ ይተርፋል። ግድቡ ሥር ያለው ከተማ ይተርፋል።"

"ቆጣሪ ላይ እንዳለው ፊውዝ" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

"በትክክል" አልኩት። ይህን ምሳሌ ራሱ ያገኘ ተማሪ ኮሌጅ ውስጥ ገጥሞኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ከአጭሩ መስመር ወደ ታች አንድ ረጅም ቀስት ሣልኩና ሳሙናውን አስቀመጥኩ። አጨበጨቡልኝ። ካቦው "ማሻአላህ፤ ከዚህ ወጥተን ልጆቻችንን ያስተምርልን" አለ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ውሃ ለማፍላት ማሞቂያውን አወጡ። ማሞቂያው የክፍሉ ሁሉ ነው። በሁለት ምላጭ መካከል የክብሪት እንጨት ተደርጎ፣ በክር ታስሮ፣ ከሽቦ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። አምፖሉን ከፖርታላምፓዳው ፈትተው ሽቦውን እዚያ ያስገባሉ፤ ምላጮቹን ጀሪካን ውስጥ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ይፍረደን። ከዚያ ውሃ ሻይ እንጠጣለን፣ ሸህዬ ለሶላት ዉዱእ ያደርጉበታል፣ የታመመ ይታጠብበታል። በዚያ ቀን ግን አንድ ድምፅ ጧ አለ፤ ክፍሉ ጨለመ። ወዲያው ግቢው ውስጥ ጩኸት ተሰማ። የቢሮው፣ የማዕድ ቤቱ፣ የሁሉም መብራት አብሮ ሄዶ ነበር።

ተረኛ አዛዡ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ ገባ። ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ጀሪካኑን አየ፣ ሽቦውን አየ። አልጮኸም።

"እኔ ከበላይ እጠየቃለሁ" አለ። "ስለዚህ ስም እፈልጋለሁ። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ የሠራው ሰው ስም ካልመጣ ነገ ስንቅ የለም። ቤተሰብ ከበር ይመለሳል። በሚቀጥለውም የስንቅ ቀን እንዲሁ።"

ሽቦውን ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። በሩ ተዘጋ። ከጣሪያው ሥር ካለችው ቀዳዳ የምትገባው ብርሃን ብቻ ቀረች፤ የሳሙናው ስዕል ላይ አረፈች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስናገር ማንንም ክፉ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። በመካከላችን ክፉ ሰው አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው በየቀኑ የሚወጋው መርፌ አለ፤ የሚመጣለት ከስንቁ ጋር ነው፤ የቀረውም ጥቂት ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔም በማግስቱ እናቴን ላይ ነበር፤ ከተያዝኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ካቦው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በሩ ከተዘጋ የዚህ ሰው መርፌ አይገባም" አለ።

"በእኔ አታመካኝ" አለው ዳቦ ጋጋሪው።

"አላመካኘሁም፤ እያሰላሁ ነው። መምህር ባስተማረን መሠረት እናስላ።" ጣቱን ዘረጋ፤ ልክ እኔ እንደዘረጋሁት። "መሸሽ አንችልም፤ በሩ የእነሱ ነው። መቀነሱ አልፎናል፤ ሽቦውን አይተውታል። ሁላችንም ቅጣቱን እንቀበል ካልን ይህ ሰው ይሞትብናል። የቀረን አራተኛው ነው።" ወደ እኔ ዞረ። "መምህር፣ ያ ቀድሞ የሚፈርሰው ቦታ እንዴት ነበር የሚመረጠው?"

የጠየቀኝ ተማሪ እንደሚጠይቅ ነው። አፌም እንደ ለመደው መለሰ። "ሲፈርስ ጉዳቱ ትንሽ የሚሆንበት ቦታ ይመረጣል" አልኩ።

"ትንሽ ጉዳት" አለ ካቦው። ክፍሉን በዓይኑ ዞረው። "እኔ ብሄድ ነገ እዚህ ሰው በባልዲ ተራ ይደባደባል። እሱ ታማሚ ነው። እነዚህ ከበሩ አጠገብ ያሉት ልጆች ጉዳያቸው ከባድ ነው፤ ይህ ከተጨመረበት አይወጡም። መምህር ነገ እናቱ ትመጣለች፤ ካላየችው ኡኡ ትላለች፤ ኮሌጁም ይጠይቃል።"

ከዚያ በላይ አልተናገረም። መናገር አላስፈለገውም። ሁላችንም ወደ አንድ በኩል ላለማየት ስንታገል ቆየን። ስማቸውን የጠራ የለም። ከመካከላችን ስማቸውን የሚያውቅ እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

ሸህዬ ከካርቶናቸው ላይ ሆነው ፈገግ አሉ። "እኔን ነው የምትሉት?"

እግራችንን ይበልጥ ሰበሰብን።

"ታዲያ ምን ያሽኮረምማችኋል? እውነት ነው፤ የሚጠይቀኝ የለም። የሞቀውንም ውሃ ከሁላችሁ በላይ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ብቻ አሱርን ልስገድ።"

"ሸህዬ፣ ይቅር ይበሉን" አለ ካቦው። አንገቱን ደፍቶ ነበር።

"አብሽር" አሉት። "አንተም ፍሬንህ ተበጥሷል።"

የጠዋቱ ስዕል እንዳይበላሽ ሁሉም እግሩን ሰብስቦ ስለነበር፣ በክፍሉ ውስጥ ለመስገጃ የሚሆን ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ከስዕሌ በታች። ቀስቴ የሚያልቅበት ቦታ። ሸህዬ ፎጣቸውን እዚያ አነጠፉ። ቀስቱ በቀጥታ ወደ እግራቸው ይጠቁማል። ሲሰግዱ ግንባራቸው ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ ስዕሉንም አየሁ። ያንን ስዕል ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ። ሁልጊዜ ግድቡን በጥንቃቄ፣ ተርባይኑን በጥንቃቄ ሥዬ፣ ከሚፈርሰው ክፍል ወደ ታች ቀስት አደርግና እተወዋለሁ። ሰሌዳው የሚያልቀው እዚያ ነው። ውሃው ወጣ፤ ግድቡ ተረፈ፤ ትምህርቱ አለቀ። ውሃው ወጥቶ የት እንደሚደርስ የጠየቀኝ ተማሪ የለም፤ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። በዚያ ብርድ።

ወደ ካቦው ተጠጋሁ። "ስሌቱ ጎዶሎ ነው። ከታች ያለውን አልሣልኩም" አልኩት።

"መምህር፣ አሁን የክለሳ ሰዓት አይደለም።"

"በእሳቸው ፋንታ እኔ ነኝ እላለሁ።"

አየኝ። "እናትህስ?"

ወዲያው መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩም። አንድ ትንፋሽ ያህል ዘገየሁ። ካቦው ያንን ትንፋሽ አየው፤ ፊቱን አዞረልኝ። ከንቀት አልነበረም፤ እንዳላፍር ብሎ ነው። ይህም የበለጠ አሳፈረኝ።

አዛዡ ባለው ሰዓት መጣ። "እህስ?"

ሸህዬ ተነሱ። ፎጣቸውን አጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ስማቸውን ተናገሩ፤ ከአባታቸው፣ ከአያታቸው ጋር፣ ረገጥ አድርገው፣ በሠርግ ሽምግልና ላይ ዘሩን እንደሚቆጥር ሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። እዚህ አልጽፈውም፤ ሰው የራሱን ስም የሚሰጠው ራሱ ነው።

"እሳቸው አይደሉም" አልኩ። ተነስቼ ቆምኩ። "እኔ ነኝ የሠራሁት።"

አዛዡ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ የኮምቦልቻው መምህር ነህ አይደል?"

"አዎ።"

"ኮሌጅህ ስለአንተ እየጠየቀ ነው። ነገም ጠያቂ አለህ። ተቀመጥ።"

"እውነቴን ነው።"

"እውነትህን አልጠየቅኩህም። ስም ነው የጠየቅኩት፤ አግኝቻለሁ።" ድካም ነበረበት እንጂ ቁጣ አልነበረበትም። "ተቀመጥ መምህር።"

ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ደስ አለው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው፤ እፎይ አልኩ። አዛዡም አስልቶ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ሳሙና አላስፈለገውም፣ ትምህርቴንም አልሰማም፤ ግን እኛ የደረስንበት ቦታ ደርሷል። እኔን ቢነካ የሚጮህ አለ። እሳቸውን ቢነካ የሚጮህ የለም።

ሸህዬን ወሰዷቸው፤ ግቢው ጥግ ባለች፣ አሮጌ ጆንያ በሚቀመጥባት የቆርቆሮ ቤት ዘጉባቸው። ዝናብ ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከክፍላችን ሆነን እንሰማው ነበር። ከእራት በኋላ እኔ ስዕሉን በእጄ መዳፍ ፍቄ ላጠፋው ሞከርኩ፤ ሳሙናው ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ነጭ ነጭ እያለ ቀረ።

በማግስቱ ስንቅ ተፈቀደ። የዳቦ ጋጋሪው መርፌ ገባ። የእኔም ስም ተጠራ። እናቴ ጠያቂና እስረኛን ከሚለየው ገመድ ማዶ ቆማ ነበር፣ ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ይዛ። ስታየኝ አላለቀሰችም፤ ከስታሃልም አላለችኝም። "ሹራቡን ለብሰኸዋል፤ ጥሩ" አለች።

የተሰጠን ጊዜ አጭር ነው። ሌሊቱን ያሰብኩትን ወዲያው ነገርኳት። "እማ፣ አንዱን ሣህን መልሰሽ ይዘሽ ውጪ። ሰልፉን እንደገና ያዢና በሌላ ሰው ስም አስገቢልኝ።"

"የማን?"

"አጠገቤ የሚተኙ ሰው ናቸው። ጠያቂ የላቸውም።"

"አብራችሁ አይደል እንዴ የምትበሉ?"

"እንበላለን። ምግቡ አይደለም እማ። ስማቸው እንዲጠራ ነው የምፈልገው።"

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ "ንገረኝ" አለች። ነገርኳት፤ የገራዶ ሰው መሆናቸውን፣ ስማቸውንም ከእነ አባታቸው፣ ከእነ አያታቸው። አፏ ውስጥ ደጋግማ አለችው። "ሙስሊም ናቸው" አለች ለራሷ። "ችግር የለም፤ ላይኛው ሽሮ ነው፤ ይበሉታል።" ምሳ ዕቃውን ፈትታ፣ ላይኛውን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ተመለሰች። ከዚያ ወደ ክፍሉ መለሱኝ፤ በሩ ግን ለስንቅ ክፍት ነበር።

ስሞች እየተጠሩ ሄዱ። ሰዎች እየወጡ ተቀበሉ። ከዚያ ጠባቂው አንድ ስም ጠራ፤ ክፍሉ ውስጥ የተነሳ የለም። ካቦው "ማነው?" እያለ ዙሪያውን አየ። ጠባቂው ወረቀቱን አየና ስሙን እንደገና፣ ጮክ ብሎ፣ እስከ አያት ጠራው። ትናንት ያንን ስም የሰማ ሁሉ አሁን አስታወሰው።

ከግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ውስጥ፣ "አቤት" የሚል ድምፅ መጣ።

"ስንቅ መጥቶልሃል።"

ከዚያ ሸህዬ፣ "ለእኔ ነው?" አሉ።

አዛዡ ከቢሮው ወጣ። ወደ ቆርቆሮው ሳይሆን ወደ አጥሩ ነው ያየው፤ ማን እንደመጣ ለማየት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የሚሄድበት ቦታ እንደሌለው ሰው፣ እዚያው ቆማለች። አዛዡ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። ከሰዓት በኋላ ሸህዬን ወደ ክፍላችን መለሷቸው። ምክንያቱን ማንም አልነገረን፤ እኔም በስሌት ለማወቅ አልሞከርኩም። እናቴ በዚያው ወደ ገራዶ የሚሄዱ ሚኒባሶች የሚቆሙበት ሄዳ ስማቸውን ለሁሉም ረዳት ስትናገር ውላለች። በሌላው የስንቅ ቀን አንዲት ጎረቤታቸው መጡ። ከስንቃቸው ውስጥ ቃሪያ ነበረበት፤ ሸህዬ አንዱን ገምጠው "ይሄማ የእኔ ማሳ አይደለም፤ አያቃጥልም" አሉ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሞከርኩ። የትምህርቴን ነገር አነሳሁ፤ ቀድሞ እንዲፈርስ ስለሚደረገው ክፍል፣ ስለ ቀስቱ።

"ትምህርትህን?" አሉኝ። "ወላሂ ልጄ አልዋሽህም፤ ደለሉ ላይ ስትደርስ አንቀላፋሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። በጭብጨባው ነው የነቃሁ።"

ስለዚህ ይቅርታዬን የሚቀበለኝ አላገኘሁም። እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ከተፈታሁ በኋላ ወደ ኮሌጁ ተመለስኩ። ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። ነገሩ ስህተት አይደለም፤ ማስተንፈሻ የሌለው ግድብ ከነሰዉ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜ የሚፈርሰውን ቦታ መምረጥ የግድ ነው። የቀየርኩት የስዕሉን ቅደም ተከተል ብቻ ነው። አሁን የምጀምረው ከሰሌዳው ግርጌ ነው። በመጀመሪያ አንድ ቤት እሥላለሁ፤ በሩ ወደ ላይ የዞረ። ከዚያ ተማሪዎቼን "የማን ቤት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይስቃሉ። ስም እስኪሰጡት ድረስ አልቀጥልም። ግድቡን የምሥለው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርቱ በዚህ ምክንያት ይረዝምብኛል፤ ደወል ይደወላል፤ ዶሮ መዝለያን ስወጣም ሹራቤን እየለበስኩ ያላለቀውን አስባለሁ።

እናንተም ሞክሩት። ግድብ መሥራት የለባችሁም። ቤት ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በማኅበር ውስጥ፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው ብላችሁ አንድ ነገር ልትወስኑ ስትሉ ቆም በሉና፣ ጉዳቱ የሚያርፍበትን ሰው ስም ከአባቱና ከአያቱ ጋር ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ስሙን የማታውቁት ከሆነ ገና አትወስኑ። መጀመሪያ ሄዳችሁ ጠይቁት።